በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ታርጋ፦ እንዴት ታነቡታላችሁ? የትስ ይገኛል?

ሾላ_ገበያ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ታርጋቸው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ያስጻፉ መኪኖች እየበዙ ነው። ፎቶ የምንለዋወጥበት ግሩፕ አለን፤ ችግሩ ግማሹን ማንበብ አልቻልንም። ኬ-ኢ-ኤስ የሚል ታርጋ "ቄስ" ነው "ቀስ" ነው እየተባለ እስካሁን አልተፈታም።

ነገሩን የምታውቁ እስቲ አስረዱን። ባለቤቱ ከፍሎ ያስጻፈውንና በአጋጣሚ የወጣውን በምን ትለያላችሁ? የትኛው ስቴት ስንት ፊደል ይፈቅዳል? ለራሴም አንድ ለማውጣት ስለማስብ ምን ዓይነቱን እንደሚመልሱት ማወቅ እፈልጋለሁ። አውሮፓና አገር ቤት ያላችሁም ግቡበት። ፊደሎቹን በስማቸው ጻፏቸው፣ አለዚያ ጭቅጭቁ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሰባት_ተኩል

መለየቱ አያስቸግርም፤ የመደበኛውን ታርጋ ቅርጽ ማወቅ ይበቃል። ቨርጂኒያ 3 ፊደልና 4 ቁጥር ነው። ሜሪላንድ በአንድ ቁጥር ይጀምርና 2 ፊደል፣ ከዚያ 4 ቁጥር ያስከትላል። ዲሲ 2 ፊደልና 4 ቁጥር። ከዚህ ቅርጽ የወጣ ሁሉ ወይ ተከፍሎበታል ወይ የልዩ ምድብ ነው። የዲፕሎማቶቹን የሚያወጣው ስቴቱ ሳይሆን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ዲ ዲፕሎማት፣ ሲ ቆንስላ፣ ኤስ የኤምባሲ ሠራተኛ ማለት ነው። የአገሩ መለያ የሆኑት ሁለት ፊደላት ደግሞ ከአገሩ ስም ጋር አይገናኙም። ስለዚህ ኢ-ቲ ያለበትን ሁሉ "የእኛ ኤምባሲ" እያላችሁ አትለጥፉ።

እንደ እኔ ግን ዋናው ጨዋታ በአጋጣሚ የወጣው ላይ ነው። ከፍሎ "ሀበሻ" ማስጻፍ ማንም ይችላል። የቨርጂኒያዎቹ 3 ፊደላት ግን ማንም ሳያስበው ቲ-ኢ-ጄ (ጠጅ)፣ ቢ-ኢ-ጂ (በግ)፣ ኤል-ኤ-ኤም (ላም)፣ ጂ-ዩ-ዲ (ጉድ) ሊሆኑ ይችላሉ። ባለቤቱ ፈረንጅ ከሆነና ምን ለጥፎ እንደሚዞር ካላወቀማ ከዚያ በላይ የለም።

ወደ ልኩ ስንመጣ፣ ቨርጂኒያ 7 ተኩል ትፈቅዳለች። "ተኩል" ያልኩት የምሬን ነው፤ ክፍት ቦታና ሰረዝ የሚቆጠሩት በግማሽ ፊደል ነው። "ምን ላርግ" (ኤም-አይ-ኤን፣ ክፍት ቦታ፣ ኤል-ኤ-አር-ጂ) 7 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል። ሜሪላንድ 7 ላይ ስለምታቆም እዚያ ተጣብቆ መጻፍ አለበት። ጎኑ ላይ ዓርማ ያለበት የቨርጂኒያ ታርጋ ከመረጣችሁ ደግሞ ዓርማው ቦታ ስለሚይዝ ወደ 6 ትወርዳላችሁ።

የአበሻ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው፦ የአገራችን ስም በእንግሊዝኛ 8 ፊደል ነው። አንድ ይተርፋል። በየመንገዱ ኤች የጎደላት፣ አንድ አይ የጎደላት፣ ወይም "ኢትዮ" ላይ የቆመች ኢትዮጵያ የምታዩት ለዚህ ነው እንጂ ባለቤቱ መጻፍ ስላቃተው አይደለም። ኒውዮርክ እስከ 8 ስለምትፈቅድ እዚያ ሙሉው ይገባል። ላሊበላና ቴዎድሮስም 8 ናቸው። "ሀበሻ" እና "ምኒልክ" በ7 በልካቸው የተሰፉ ናቸው፤ ግን በአንድ ስቴት አንድ ጽሑፍ የሚሰጠው ለአንድ መኪና ብቻ ስለሆነ የደረሰበት ቀድሞ ይወስደዋል። ቃሉ ቢያዝበት በታርጋው ዙሪያ በሚገጠመው ፍሬም ላይ ያስጻፈውን ሰው አትንቀፉት።

አሁን ኬ-ኢ-ኤስ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ቀና ከ፣ ጠና ተ፣ ጨና ቸ ይደባለቃሉ። ኢ የምትለዋ ፊደል ደግሞ ግዕዙንም ኃምሱንም፣ አንዳንዴ ሳድሱንም ትሸከማለች። ስለዚህ ሦስቱን ፊደላት ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም፤ ዙሪያውን እዩ። ፍሬሙ ላይ ምን አለ? መስታወቱ ላይ መስቀል ተንጠልጥሏል? ከኋላው ቢ-ኢ-ኤል ከተከተለ "ቀስ በል" ነው፣ ቢ-ኢ-ዋይ ከሆነ "ቀስ በይ"፤ ያኔ ነገሩ ለእናንተ ይሁን ለሌላ ሰው የተጻፈ እናንተው ታውቃላችሁ። ጂ-ኢ-ኤን-ኤ ግን በዓሉም "ገና"፣ ሥራው አላለቀም ለማለትም "ገና" ስለሆነ መጨቃጨቁ ዋጋ የለውም። ቁጥር ከገባበት መጀመሪያ በአማርኛ ሞክሩት፦ 1 ብሎ ኤች-ኤ-ጂ-ኢ-አር የሚል "አንድ አገር" ነው፣ "ዋን" ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን የትም አትደርሱም።

ከቀልዶቹ ውስጥ ለእኔ የሚበልጡት አጫጭሮቹ ናቸው። "የባንክ" በ6 ፊደል ይገባል፣ ያውም በአዲስ መርሴዲስ ላይ። "ደረስኩ" ደግሞ በትክክል 7 ነው፤ ቤቱ ተቀምጦ ጫማውን ሳያስር "ደረስኩ" የሚል ጓደኛ ያለው ሰው ሲያየው ማብራሪያ አይፈልግም።

ዳኛ_ይየው

ስለሚመለሱት ልጨምር። ሁለት ዓይነት አደጋ አለ።

አንደኛው ጨዋውን ቃል እንደ ስድብ መቁጠር ነው። ማጣሪያው አማርኛ አያውቅም፣ የሚያየው የፊደል ድርድር ነው። "ሽታዬ" የሚለው ስም በ7 ፊደል ቢገባም የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት በእንግሊዝኛ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። "አሰፋ" በሁለት ኤስ ከተጻፈም መነሻው ላይ ያው ጣጣ አለ፤ በአንድ ኤስ ጻፉትና አምስት ፊደል ይሆናል፣ አንባቢውም አይቸገርም። "አለ" (ኤ-ኤል-ኢ) ደግሞ ለፈረንጅ የቢራ ዓይነት ነው። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ማመልከቻው ላይ ትርጉሙን ጻፉ ይላሉ። ቦታ ካለ በአጭሩ "የአባቴ ስም" ወይም "በአማርኛ ሰላምታ" ብላችሁ እውነቱን አስፍሩ። ባዶ የተተወ ማመልከቻ ገምጋሚውን ኢንተርኔት ላይ እንዲፈልግ ያደርገዋል፣ እዚያ ደግሞ የሚያገኘው የሌላ ቋንቋ ትርጉም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የሚብሰው ነው፦ "ፈረንጅ አማርኛ አያውቅም" ብሎ ነውር ማስጻፍ። ሜሪላንድ ውስጥ በስፓኒሽ "ሰገራ" ማለት የሆነ ቃል በ2009 እ.ኤ.አ. ያለ ችግር ተሰጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ አቤቱታ መጣና መሥሪያ ቤቱ ታርጋውን ሰረዘው። ባለቤቱ ተከራክሮ እስከ ስቴቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ተሸነፈ። እዚህ አካባቢ አማርኛ የሚያነብ ሰው እጥረት የለም፤ አቤቱታ ለማስገባትም የሚሰንፍ አታገኙም። አንድ ጊዜ ተሰጥቶኛል ማለት ዋስትና አይደለም።

ሁሌ መንግሥት ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። ኒው ሃምፕሸር ላይ "ፖሊሶች ይዋሻሉ" የሚል ታርጋ የተከለከለ ሰው በ2014 እ.ኤ.አ. የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈርዶለታል። ደንቡ በጣም የላላና ለገምጋሚው ስሜት የተተወ ነው ተብሎ።

ቨርጂኒያ ላይ ታሪክ የሠራውም ቀልድ በቃሉ ብቻ የሚያዝ አልነበረም። "ልጆች ይቅደሙ" የሚል ጽሑፍ ከታች የታተመበት የበጎ አድራጎት ታርጋ አለ። አንዱ ያንን ዲዛይን መረጠና በ6 ፊደል ኢ-ኤ-ቲ-ቲ-ኤች-ኢ አስጻፈ። ፊደሎቹ ብቻቸውን ምንም አይሉም፤ ከታችኛው ጽሑፍ ጋር ሲነበቡ "መጀመሪያ ልጆቹን ብሉ" ይሆናል። በኋላ ተሰረዘ። ታርጋ ስታዩ ፊደሎቹን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ፤ ቀልዱ ከዲዛይኑ ጋር ተሰፍቶ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩን ልሸውድ ማለትም አይበጅም። በ1979 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ምርጫ ጽፎ፣ እነሱ ካልተገኙ ሌላ አልፈልግም ለማለት ሦስተኛው ላይ "ታርጋ የለም" ብሎ በእንግሊዝኛ ሞላ። እሱኑ አትመው ሰጡት። ታርጋ የሌላቸውን መኪኖች ፖሊሱ የሚመዘግበው በዚያው ቃል ስለነበር የአገሩ ሁሉ ቅጣት በሺዎች እየተቆጠረ ወደ ቤቱ ጎረፈ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላም እዚያው ካሊፎርኒያ አንድ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ "ኑል" አስጻፈ፣ ይኸውም በፕሮግራም ቋንቋ ባዶ ማለት ነው። የታርጋ ቁጥራቸው ያልተሞላ ቅጣቶች እሱ ላይ ተደመሩና 12,000 ዶላር አካባቢ ደረሱ።

ሾላ_ገበያ

እናመሰግናለን ዳኛ። ማመልከቻውና ክፍያውስ? ከወጣ በኋላ የሚያስቸግር ነገር አለ?

ቁልፍ_10

ቨርጂኒያን ልንገርህ፣ ከሦስቱ በዋጋ የምትረክሰው እሷ ነች። ለጽሑፉ በዓመት 10 ዶላር ብቻ ነው የሚጨመረው፤ ዓርማ ያለበት ዲዛይን ከመረጥክ የዲዛይኑ ለብቻው ይታሰባል። በ2007 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ቆጠራ ከመቶ 16 የሚሆነው የቨርጂኒያ ታርጋ ባለቤቱ የመረጠው ሆኖ ተገኝቶ ከአገሩ አንደኛ ወጥታለች። ለአንተ ጨዋታ ምቹ ስቴት ናት ማለት ነው። ሜሪላንድ በብዙ እጥፍ ትወደዳለች፣ ለዚህም ይመስለኛል እዚያ የምታዩት ጽሑፍ አብዛኛው ስም ወይም የንግድ ቤት እንጂ ቀልድ ያልሆነው።

አሠራሩ፦ የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መጀመሪያ ዲዛይኑን ትመርጣለህ፣ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታስገባለህ፣ ተይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ ወዲያው ይነግርሃል። መሞከሩ አያስከፍልም። ስለዚህ ሦስት አራት አጻጻፍ ይዘህ ግባ፦ "ቡና" በአንድ ኤን፣ በሁለት ኤን። ክፍት ቦታ የት እንደሚገባም እዚያው ስዕሉ ላይ እይ፤ ያለ ቦታው የገባ ክፍት ቦታ ቃሉን ሌላ ያደርገዋል።

ከወጣ በኋላ ሰው የሚረሳው ኢዚፓስን (የመንገድ ክፍያ በራሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ) ነው። አዲሱ ታርጋ ሂሳብህ ላይ ካልተመዘገበ፣ መሣሪያው አንድ ቀን ሳያነብ ሲቀር ካሜራው የሚያነሳው የማይታወቅ ታርጋ ይሆንና ክፍያው ከነቅጣቱ በፖስታ ይመጣል። ስታስመዘግብ ክፍት ቦታውን ተወው፣ ፊደሎቹን አያይዘህ ጻፍ። ኢንሹራንሱን፣ የሰፈር ፓርኪንግ ፈቃዱንና የሥራ ቦታ ጋራዡን አብረህ ቀይር።

ፍሬም ላይ ተጠንቀቅ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ፍሬም ያምራል፤ ግን ጠርዙ የስቴቱን ስም ወይም የፊደሎቹን ጫፍ ከበላ ቨርጂኒያ ውስጥ ያስቆማል። ጥቁር ፕላስቲክ ሽፋንማ ጭራሽ አይታሰብ። የአሜሪካ ታርጋ 12 በ6 ኢንች ነው፤ ጠርዙ ቀጭን የሆነ፣ ታችኛው በኩል ሰፊ ጠርዝ የሌለው ፍሬም ፈልግ።

አንድ ሰው የማይነግርህ ነገር ልጨምር። በሦስቱም ቦታ የፊት ታርጋ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ፊትህ የሚሄደው ሾፌር የአንተን ታርጋ በመስታወት ገልብጦ ያነበዋል። ኤ፣ ኤች፣ አይ፣ ኤም፣ ኦ፣ ቲ፣ ዩ፣ ቪ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ፣ ዋይ ሲገለበጡ ቅርጻቸው አይለወጥም። በእነዚህ ብቻ ከጻፍክ መስታወት ውስጥም ይነበባል። "አማት" (ኤ-ኤም-ኤ-ቲ) ብለህ ብታስጻፍ ፊት ያለው ሰው በመስታወቱ የሚያየው "ታማ" ነው።

ሰባት_ተኩል

አማት ሲገለበጥ ታማ! ይሄማ ተይዞ ካልሆነ ዛሬውኑ ይያዛል።

ፍራንክፈርት_ዳር

እናንተ በ7 ፊደል ስትጨነቁ ጀርመን ያለን ሰዎች የምንጫወተው በከተማው ፊደል ነው። እዚህ ታርጋው የሚጀምረው በከተማው ወይም በወረዳው መለያ ነው፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ፊደል፣ ከዚያ እስከ 4 ቁጥር፤ ሁሉም ተደምሮ ከ8 አይበልጥም። የከተማውን መምረጥ አይቻልም፣ ቀጥሎ ያሉትን ፊደሎችና ቁጥሩን ግን ካልተያዙ ትመርጣለህ። ክፍያው 10.20 ዩሮ ነው፣ አስቀድመህ በኢንተርኔት ካስያዝክ 2.60 ይጨመራል።

በርሊን ቢ ስለሆነች ኢ-ቲ ስትጨምርባት "ቤት"። ሙኒክ ኤም ናት፣ ኤ-አር ሲከተል "ማር"። ሽቱትጋርት በኤስ ትጀምራለች፣ ኢ-ደብልዩ ከገባ "ሰው"። ላይፕዚግ ላይ ኤ-ኤም "ላም"፣ ኮሎኝ ላይ ኤ-ኤል "ቃል"። ምርጡ የሃኖቨር ነው፦ ኤች ላይ ኦ-ዲ ሲጨመር "ሆድ"፣ ከኋላው የፈለጋችሁትን ቁጥር። ዱሰልዶርፍ ያላችሁ ግን ኢ-ኤም አትምረጡ፣ "ደም" የሚል መኪና ይዞ በዓል ቤት መሄድ አይሆንም።

የማይፈቀዱም አሉ። ኤስ-ኤስ፣ ኤስ-ኤ፣ ኬ-ዜድ፣ ኤን-ኤስ፣ ኤች-ጄ ከናዚ ዘመን ጋር ስለሚያያዙ አይሰጡም። ስማቸው "ሰሎሞን ስዩም" ዓይነት የሆነ ሰዎች የስማቸውን መነሻ ፊደላት ይጠይቁና ለምን እንደተከለከሉ ሳይገባቸው ይመለሳሉ።

ባለ_ኮድ_3

አገር ቤት ለዓመታት የምናውቀው ታርጋ ላይ ቃል ማስጻፍ የሚባል ነገር የለም፤ ታርጋ አዳኙ የሚጫወተው በኮድ፣ በክልል ፊደልና በቁጥር ነው። ክቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ኮዱ ነው፦ 1 ቀይ ታክሲ፣ 2 ሰማያዊ የግል፣ 3 አረንጓዴ የንግድ፣ 4 ጥቁር የመንግሥት፣ 5 ብርቱካናማ የማኅበራትና የሃይማኖት ተቋማት። ያልተለመደ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚገርመው ኮዱና መኪናው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ኮድ 3 ለጥፋ ሕፃናት ትምህርት ቤት የምታመላልስ ቅንጡ መኪና፣ ወይም ኮድ 4 ቅዳሜ ከሰዓት ሠርግ አጀብ ውስጥ።

ከኮዱ ቀጥሎ የክልሉ ፊደል ነው፦ አአ፣ ኦሮ፣ ድሬ፣ ኢት እያለ ይሄዳል። የአማራው "አማ" ነው፤ ከላይ ቁልፍ_10 ካመጣት "ታማ" ጋር አንድ ፎቶ ላይ ቢገኙ ሌላ ጽሑፍ አያስፈልግም። ቁጥሩ ላይ ደግሞ ደረጃ አለው፦ አምስቱም አንድ ዓይነት የሆነ (77777)፣ ተከታታይ (12345)፣ ከኋላም ከፊትም እኩል የሚነበብ (48284)። አዲስ አበባ አምስቱ ቁጥር ሲሞላ ፊቱ ላይ ኤ፣ ቀጥሎ ቢ እየተባለ ፊደል ስለተጨመረ፣ ያለ ፊደል የቆመ የአአ ኮድ 2 ሲታይ ቀደም ብሎ የወጣ መሆኑ ይታወቃል። መኪናው አዲስ ሆኖ ታርጋው ያረጀ፣ ወይም ተቃራኒው ሲያጋጥም ሊብሬው ምን ይላል ብላችሁ መጠርጠር ነው።

ታርጋ የሌለው የቆመ መኪና አይታችሁም "ምን ዓይነት ነው?" አትበሉ፤ ትራፊክ ፈቶት ሄዶ ነው። ባለቤቱ ቅጣቱን ከፍሎ እስኪያስመልስ ሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች ናቸው የሚቀሩት።

የባሕረ ሰላጤው ሌላ ዓለም ነው። ዱባይ ላይ ቀልድ የለም፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ገንዘቡ ይበዛል፤ ፒ 7 የምትባለው ታርጋ በ2023 እ.ኤ.አ. በጨረታ 55 ሚሊዮን ድርሃም ወጥታለች።

ሎተሪ_ሻጭ

የት ይገኛል ለተባለው፦ ዓመት ሙሉ ከሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያሉት የአበሻ ገበያዎች መኪና ማቆሚያ። እሑድ ጠዋት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፤ እዚያ የሚበዛው "ተመስገን" ነው፣ በትክክል ከተጻፈ 8 ፊደል ስለሚሆን አንዷ ኢ ተዘላ ታገኙታላችሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሐምሌ መባቻ አካባቢ በየዓመቱ ከተማ እየቀየረ የሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ነው። የብዙ ስቴት መኪና አንድ ሜዳ ላይ ስለሚቆም፣ አንዱ ቃል በሦስት ስቴት በሦስት አጻጻፍ ሲገኝ ጎን ለጎን ማንሳት ይቻላል።

የአበሻ ባይሆኑም እነዚህን አትለፏቸው። ዲሲ ውስጥ ፊደል የሌለው፣ ከ1 እስከ 1250 ያለ ቁጥር ብቻ የያዘ ካያችሁ በከንቲባው በኩል የሚታደል የክብር ታርጋ ነው፣ ባለቤቱ የሚያውቀው ሰው አለ። ደላዌር ላይ ትንሽ ቁጥር ይሸጣል፤ 6 ቁጥር በ2008 እ.ኤ.አ. 675,000 ዶላር አውጥታለች። ሜሪላንድ ደግሞ የ1812ቱን ጦርነት ለማስታወስ ያወጣችው ባንዲራና ርችት ያለበት ታርጋ አለ። ግርጌው ላይ የድረ ገጽ አድራሻ አለ። የአድራሻው ባለቤትነት ተቋርጦ በሌላ እጅ ገባና በ2023 እ.ኤ.አ. የከፈተው ሰው የፊሊፒንስ ቁማር ቤት ላይ ሲያርፍ ተገኘ። ወደ 800 ሺህ የሚጠጋ ታርጋ ላይ ታትሟል፣ ዛሬም መንገድ ላይ ሞልቷል።

ሲነሳ ግን በሥርዓት። እየነዱ አይሆንም፤ ቨርጂኒያ ከ2021 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሾፌር ስልክ በእጁ መያዙ ብቻ ያስቀጣል። ጎን የተቀመጠው ያንሳ፣ ወይም መኪናው ሲቆም። ከታርጋው ሌላ ያለውን፣ የቤት ቁጥርና ልጆችን በተለይ፣ ቁረጡት። በአጋጣሚ የወጣ "በግ" ወይም "ጉድ" ከሆነም ፊደሎቹን አስቀርታችሁ አራቱን ቁጥር ሸፍኑ፤ ሳቁ ያለው ፊደሎቹ ላይ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ አልጠየቀም።

ሾላ_ገበያ

ቁልፍ_10፣ "አማት" ቨርጂኒያ ላይ አሁን ሞከርኩት፣ ተይዟል። በሁለት ቲ ብጨምረውስ?

ቁልፍ_10

አይሆንም፣ ሲገለበጥ ቲው ፊት ላይ ይደረደርና "ታማ" መሆኑ ይጠፋል። ኤዋን ደርብ፦ ኤ-ኤም-ኤ-ኤ-ቲ። ከፊት "አማት"፣ በመስታወት ቲ-ኤ-ኤ-ኤም-ኤ፣ ሁለቱም ይነበባሉ። ካዘዝክ በኋላ አዲሱ በፖስታ እስኪደርስ አሮጌውን አትፍታው፤ ሲደርስ ሁለቱንም፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ባንድ ጊዜ ቀይር። አዲሱ የምዝገባ ካርድ አብሮ ስለሚመጣ መኪናው ውስጥ አስገባው።